ኃላፊ አንቀጽ

ለአንዲት ማኅተም ብዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ሦስት ሰዓት ተቀመጥሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን፤ ቀጥሎም ሲስተም የለም ተባለ። የሚነበብ ነገር ፊት ለፊቴ የተሰቀለው ባለመስታወት ሰሌዳ ብቻ ነበር፦ ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴቶች። «በ2012 ዓ.ም. በቀልጣፋ አገልግሎቱ የተመሰገነ ተቋም ሆኖ ማየት» ይላል ራእዩ።

ዓመቱ ማለፉን ይቅር አልሁት፤ እኔም ቀጠሮ የሚያልፈኝ ሰው ነኝ። አልለቅ ያለችኝ «ማየት» ናት። የሚያየው ማን ነው? ባለቤት የሌላት ንዑስ አንቀጽ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥላለች።

ሥራ የፈታ ሰው ሰዋስው ይመረምራል። ነገሥታቱ «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ሲሉ ሞአ ማለት አሸነፈ ነው፤ ያለቀ ጉዳይ፣ ይግባኝ የሌለው። (ቃሉ በዮሐንስ ራእይ የተነገረው ለክርስቶስ ነበር፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ስም በላይ ሲጻፍ ግን አንበሳው የትኛው እንደሆነ የሚጠይቅ ባለጉዳይ ከየት ይመጣል?) «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» ደግሞ ትንቢት ነው፤ እጆቿን ትዘረጋለች። መቼ? መዝሙረኛው ቀን አልቆረጠም። ከዚህ መሥሪያ ቤት ይልቅ ብልህ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ደርግ «ኢትዮጵያ ትቅደም» አለ፤ ይህ ትእዛዝ ነው። ማንን እንደምትቀድም ግን አልተገለጸም። ይህን ሳሰላስል ከረባት ያሰረ ሰው «ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው» ብሎ ሁላችንንም ቀድሞን ገባ።

ጭራሽ ግስ የሌለውም አለ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለቱሪዝሙ ያወጡለት መሪ ቃል ለፈረንጅ «የ13 ወር ፀሐይ» ሲሆን፣ ለእኛ «የ13 ወር ጸጋ» ሆኗል። ሐምሌን የሚያውቅ ሕዝብ ፊት ፀሐይ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል መሰለኝ። ያም ሆኖ ከሁሉም ቃሉን የጠበቀው እርሱ ነው፤ ወሮቹ ቢቆጠሩ አንድም አይጎድሉም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «ኵሎ አመክሩ ወዘሠናየ አጽንዑ» ብሎ ያስተምራል፤ ሁሉን መርምሩ፣ መልካሙን ያዙ። ምክሩን ሰምቼ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች መረመርሁ። መልካም ሆኖ ያገኘሁት ሚስማሩን ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥበቃው ቁልፍ እያንቀጫቀጨ መጣ።

«ጋሼ፣ ማንን እየጠበቁ ነው?»

«ኃላፊውን።»

«እሳቸውማ በጓሮ በር ወጥተዋል።»

በዚያ ቤት የሰማሁት የመጀመሪያው የተፈጸመ ግስ ነበር።