«አቦ አታካብጂ!»

አሁን ከድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከሱቅ መመለሴ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለምጽፍ ፊደል ብስት እለፉኝ።

እማዬን ታውቋታላችሁ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ ሳትቀምስ የምትውል ሴት ናት። ወንድሜ ያቺን ትንሽ የእስፕሬሶ ማሽን ካመጣልን ወዲህ ከዘጠኝ በኋላ ጠቆር ያለ የጾም ማኪያቶ ለምዳለች። በቃ፣ ሌላ ደስታ የላትም። የከዚራው ባለሱቅ ደግሞ «የጾም ነው እናቴ፣ አይዞሽ» ብሎ ለቡና ማንጫ የሚሆን ዱቄት በቆርቆሮ ሸጠላት። ስትጠጣው ሰነበተች።

ዛሬ ቆርቆሮውን አገላብጬ አነበብኩት። ከፊት በትልቁ «ነን ዴይሪ»፣ ማለትም ወተት የሌለበት፣ ይላል። ከጀርባ፣ ዓይን በሚያጠፋ ደቃቅ ፊደል፣ «ሶዲየም ካዜይኔት»። ካዜይን እኮ የወተት ፕሮቲን ነው! ፋብሪካው የሚጨምረው ዱቄቱ ትኩስ ቡና ውስጥ ሲገባ እንዳይቆራረጥና ወፈር እንዲል ነው። ለካ እንደዚያ የጣፈጠው ለዚህ ነው።

ይዤው ሄድኩ። ሱቁ ሰው ሞልቷል።

«ይሄ እኮ ወተት አለበት» አልኩት።

«የቱ ጋ ነው ወተት የሚለው?»

«ካዜይኔት ይላል። ከወተት ነው የሚወጣው።»

ቆርቆሮውን እንኳን አላየውም። «አቦ አታካብጂ! ድሬ በሙሉ ይሄንን ነው የሚወስደው። አንቺ ከቄሱ በላይ ታውቂያለሽ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከኋላዬ አንዷ «ማኪያቶ ካማረሽ ምን አስጾመሽ?» አለች። አንቺን ምን አገባሽ? ለእናቴ ነው ልላት ፈልጌ ነበር። እንባዬ ቀደመኝ።

ይሄ ሰውዬ እኮ ባለፈው የሶያ ወተት ካርቶን መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ ደርድሮ ሲሸጥ ነበር። በድሬ ፀሐይ! ቤት ወስጄ ስከፍተው ሽታው አያስቀርብም። መልስ ስጠይቀው ሁልጊዜ ዝርዝር የለም፣ ማስቲካ ነው የሚሰጠኝ። እኔ በማስቲካ ልክፈለው እስቲ፣ ይቀበለኛል?

«ቤት ለምን አትሠሪውም?» የምትሉኝ አላችሁ። ሠርቻለሁ! አጃውን ስትፈጩት ወተት ይመስላል፣ የማሽኑ እንፋሎት ሲነካው ግን ስታርቹ ያብጥና አጥሚት ሆኖ ቁጭ። ፋብሪካዎቹ ስታርቹን በኢንዛይም ሰባብረው ነው ቀጭን የሚያደርጉት፣ እኔ ኢንዛይም ከየት ላምጣ? ሶያው ደግሞ ቡናው ሲፈስበት ይቆራረጣል። የቡና አሲድና ሙቀት ሲገናኙበት ፕሮቲኑ ይረጋል። የኛ የሐረር ቡና ደግሞ ቀለል ተደርጎ ከተቆላ ኮምጠጥ ስለሚል ይብሳል። ጠቆር አድርጌ ስቆላው፣ ሶያውን ከ60 ዲግሪ ሳላሳልፍ ሳሞቀውና ቡናውን ቀስ አድርጌ ከላይ ሳፈስበት ይሻላል።

የተሻለው የባቢሌ ለውዝ ነው። አሳድሬ፣ ልጬ፣ ፈጭቼ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጠልላለሁ። ጣዕሙ ግሩም ነው። አረፋው ግን ሲኒው ጋ ሳይደርስ ይሞታል፣ ዘይቱም ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። መብራት ካልጠፋ ነው ይሄ ሁሉ። ትናንት ሚክሰሩ ገና ሲዞር ድርግም! ሙቀቱ ደግሞ ማታ ያጠለልነውን ፍሪጅ ካልገባ ጠዋት አያደርሰውም።

ለቡና ተብሎ የሚሠራ «ባሪስታ» የሚባል የአጃና የሶያ ወተት እንዳለ አውቃለሁ። ዘይትና የአሲድ ማስተካከያ ስላለው አይቆራረጥም። ዋጋውን ግን ጠይቄ ካርቶኑን ቀስ ብዬ መልሼ አስቀምጫለሁ።

የሚያንገበግበኝ ግን ዋጋው አይደለም። ስለሚሸጠው ዕቃ ካላወቀ «አላውቅም» ይበል! አንድ ቃል ነው። ጾም የማይጾም ሰው ሊሆን ይችላል፣ መብቱ ነው። ወተት የማይስማማው ሰው ገዝቶት ቢሆንስ? እሱንም «አታካብድ» ሊለው ነው? እማዬ ስንት ዘመን የጠበቀችውን ጾም በአንድ «አይዞሽ» አስፈታት። አሁን ምን ብዬ ነው የምነግራት? ብነግራት ንስሐ አባቷ ጋ ሄዳ ስታለቅስ ልትከርም ነው። ዝም ብላት ነገም አፍይልኝ ትላለች። ጨንቆኛል።

ድሬ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ እባካችሁ ቤታችሁ ያለውን ቆርቆሮ አሁኑኑ ገልብጡት። ካዜይኔት የሚል ካለ ወስዳችሁ መልሱለት። እኔ ባንኮኒው ላይ ትቼለት ወጥቻለሁ። ብሬን አልሰጠኝም፣ «የተከፈተ አንመልስም» ነው ያለኝ።