ወሬ ሲነግሩህ ዋጋ ጨምርበት

ምጣኔ ሀብት የሚማሩ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሁለት መስመር ሲስሉ ይከርማሉ። ቁልቁል የሚወርደው ጥቅል ፍላጎት ይባላል፤ ቤተሰቡ፣ ባለፋብሪካው፣ መንግሥትና የውጭ ገዢው ተደምረው ሊገዙ የሚፈልጉት ሁሉ ነው። ሽቅብ የሚወጣው ጥቅል አቅርቦት ነው፤ አገር ምድሩ አምርቶ ለገበያ የሚያወጣው። ሁለቱ የተቋረጡበት ላይ የዋጋው ደረጃና የምርቱ መጠን ይነበባል። መስመሩ ወደ ቀኝ ሲገፋ በዛ፣ ወደ ግራ ሲገፋ አነሰ ማለት ነው። እነዚህን መስመሮች ትንሽ ፈቀቅ ለማድረግ መንግሥታት በጀት ያፈሳሉ፣ ብሔራዊ ባንኮች ወለድ ሲሰቅሉና ሲያወርዱ ያረጃሉ። በአዲስ አበባ ዳር የሚኖረው የቱሉ ዲምቱ ሕዝብ ግን ሁለቱንም በአንድ ጠዋት፣ ያለ አንዳች በጀት፣ በአፉ ብቻ ያንቀሳቅሳል። ይህን የሚያህል ጥበብ ይዘን ከከተማ ዳር አንድ አመስጋኝ አጥተን መቅረታችን ስላንገበገበኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ጥበቡ "ሊጨምር ነው አሉ" ከሚለው ይጀምራል። ማን አለ ተብሎ አይጠየቅም፤ የጠየቀ ሰው ወይ ካድሬ ነው ወይ ገንዘብ የለውም። አበው "ወሬ ሲነግሩህ አሳብ ጨምርበት" ነበር ያሉት፤ ያኔ ከአሳብ ሌላ የሚጨመር ነገር አልነበረ ይሆናል። ወሬው ከቃሊቲ በሚመጣው የጠዋት ታክሲ ይሳፈራል። ሲወርድ "ዘይት ሊጨምር ነው" የነበረው፣ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ "ዘይት ሊጠፋ ነው" ይሆናል፤ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ጠፍቷል።

ከበላዬ የሚኖሩት እትዬ ያን ቀን የደረሳቸውን እቁብ ይዘው ወጡና ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካኖች በባጃጅ አስጭነው ተመለሱ። "ምነው እትዬ፣ ሱቅ ሊከፍቱ ነው?" ብላቸው፣ "ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ" አሉኝ። ሳይንሱም ከዚህ የተሻለ አላለም። ነገ ይወደዳል ብሎ ያመነ ሰው የነገውን ፍጆታ ዛሬ ይገዛል፤ ጥቅል ፍላጎት ወደ ቀኝ ይገፋል። እትዬ መስመሩን ከነጀሪካናቸው ገፍተውት ሲያበቁ አንድ ቃል አልተናገሩም። ትልቅ ሰው ሥራውን አያወራም።

አሁን ወደ ባለሱቃችን እንሂድ። እሱ ሰልፉን አየ። ሰልፍ ካለ ወሬው እውነት ነው ማለት ነው፤ ወሬው እውነት ከሆነ ደግሞ ዛሬ መሸጥ ሞኝነት ነው። ካርቶኑን ወደ ጓሮ ገፋ፣ ብርድ ልብስ ጣል አደረገበትና "ዘይት የለም" አለ። ጥቅል አቅርቦት ወደ ግራ ሄደ። እዚህ ላይ ጥበቡ ምን ያህል እንደረቀቀ ለማየት ታሪክ መጥቀስ ግድ ይላል። በ1966 ዓ.ም. የአረብ አገሮች ይህንኑ መስመር ወደ ግራ ለመግፋት ጦርነትና የነዳጅ ማዕቀብ አስፈልጓቸው ነበር፤ የነዳጅ ዋጋ በወራት ውስጥ አራት እጥፍ ሆነ፣ የዓለም ፋብሪካ ተንገራገጨ፣ እኛም ዘንድ በየካቲት የታክሲ ሹፌሮች ሥራ አቆሙ። የኛ ባለሱቅ ያስፈለገው ብርድ ልብስ ነው።

ፍላጎት ወደ ቀኝ፣ አቅርቦት ወደ ግራ ሲሄዱ ምን ይሆናል? መጽሐፉ እንዲህ ይላል፦ ምርቱ ሊጨምርም ሊቀንስም ይችላል፣ እንደ ሁለቱ መስመር ርቀት ይወሰናል፤ ዋጋው ግን ያለ ጥርጥር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የዓለም ድቀት ጊዜ ኬንስ የተባለው እንግሊዛዊ ፍላጎት ይቀስቀስ ብሎ የተከራከረው ፋብሪካውም ሠራተኛውም ሥራ ፈትተው ስለቆሙ ነበር፤ ገዢ ሲመጣ ማሽኑ ይነሳል። የእትዬ አልጋ ሥር የገባው ዘይት የትኛውንም ማሽን አላስነሳም። ማታ ዋጋው ጨመረ። እትዬም "አላልኳችሁም?" አሉ። ነቢይ በአገሩ አይከበርም የሚለው ነገር በኛ ብሎክ አይሠራም።

ሐቁን ላለመካድ፣ ዋጋ ያለ ወሬም ይጨምራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዘይትም ሆነ መድኃኒት በዚህ ሂሳብ መወደዱ አይቀርም፤ ይህን የሚክድ የለም። የኔ አድናቆት ለሽንኩርቱ ነው። ያን ሰሞን ሽንኩርት ለምን ጨመረ ስንል "ዶላር ጨምሮ ነዋ ጋሼ" ተባልን። ሽንኩርቱ የመቂ ነው። የተዘራው፣ የተኮተኮተው፣ ከመሬት የወጣውም ዶላሩ ከመጨመሩ በፊት ነው። ማዳበሪያውና ነዳጁ ከውጭ ነው የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ እሱ ለሚቀጥለው ምርት ይደርሳል። ይኼኛው ግን በአሮጌው ዶላር አድጎ በአዲሱ ዶላር ለመሸጥ የቻለ ንቁ ሽንኩርት ነው።

መንገዱንም ልብ በሉልኝ። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚያበቃው እኛው ጋ ነው። ሽንኩርቱን የጫነ አይሱዙ ከመቂ መጥቶ፣ የክፍያ ጣቢያውን አልፎ፣ ሽታውን ትቶልን ይሄዳል ሃይሌ ጋርመንት፣ አትክልት ተራ። እዚያ ይራገፋል፣ ደላላ ይነካዋል፣ ይጫናል፣ ተመልሶ እኛ ጋ ይመጣል። ጠዋት በበረንዳዬ ሥር ያለፈው ጆንያ ከሰዓት በኋላ ጉሊት ላይ በሌላ ዋጋ ተቀምጦ ሳየው "እንኳን ደህና መጣህ" እለዋለሁ፤ ከተማ አይቶ የመጣ ሰው እንደ ቀድሞው አይናገርም። ይህም አቅርቦት ነው፣ በነዳጅና በደላላ የተንጠለጠለ አቅርቦት፤ ነገር ግን ስለ እሱ "ሊጨምር ነው አሉ" የሚል ወሬ የለም። ወሬው ዶላሩን ይወዳል፣ ዶላር ይከበራል።

ደመወዝማ ሲነሳ ጥበባችን ጫፍ ይደርሳል። መንግሥት በ2017 ክረምት መጨረሻ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ያድጋል አለ። የመማሪያ መጽሐፍ ቢሆን፣ መጀመሪያ ደመወዙ ይደርሳል፣ ሰው ይገዛል፣ ከዚያ ዋጋ ይንቀሳቀሳል። የኛ ሰፈር ግን ሰውን ማስጠበቅ አይወድም። ዜናው በተነገረ ማግስት አከራዩም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ዳቦ ቤቱም ጭማሪውን ተከፋፍለውት አደሩ። መምህሩ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ወጪው ቀድሞ ተከፍሎለት አገኘው። ደመወዝ የማይጨመርለት የግል ድርጅት ዘበኛም በዋጋው በኩል ተካፋይ ሆኗል፤ ማንንም አናገልም።

ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለማርገብ በ2016 ሐምሌ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አወጣ፤ የሌሎቹን ባንኮች ወለድ የሚመራ ወለድ ማለት ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ብድር ሲወደድ ሰው ይበደርና ይገዛ የነበረውን ይተዋል፣ ፍላጎት ወደ ግራ ይመለሳል። ችግሩ እትዬ ከባንክ አልተበደሩም። ገንዘቡ የእቁብ ነው፣ ቀሪው በባለሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ በእርሳስ ተጽፏል፤ ያ ደብተር ወለድ የለውም፣ የባንኩ ገዢም አይቶት አያውቅም። ንግድ ቢሮም በዚያው በምንዛሪው ሰሞን በከተማዋ ሱቆች ሲያሽግ ቆይቷል። መታሸግ አቅርቦትን ወደ የት እንደሚገፋ ተማሪዎቹ መስመር ስለው ይዩት።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ዋጋ ሲወርድ ነው። አልፎ አልፎ፣ ወሬው ውሸት ሆኖ ዘይት ከመርካቶ በርከት ብሎ ይመጣና ይረክሳል። ዋጋው ሊወጣ ሲል ባለሱቁን "ይኼ እኮ ባለፈው ሳምንት የገባ ዕቃ ነው፣ በድሮው ዋጋ ነው ያመጣኸው" ብዬው ነበር። "ጋሼ፣ እኔ የማስበው የምተካበትን ነው፤ ነገ መርካቶ ሄጄ ስንት ነው የምገዛው?" አለኝ። ትክክለኛ አስተሳሰብ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ያስተምሩታል። ዘይቱ ሲረክስ ደግሞ ያንኑ ትምህርት ላስታውሰው ሄድኩ።

"መርካቶ ወርዷል አሉ። አሁንስ የምትተካበትን አታስብም?"

ብርድ ልብሱን አጥፎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና አዘነልኝ።

"እንዴ ጋሼ፣ እኔ እኮ በውድ ነው የገዛሁት።"