ማስተካከያ፦ አባታችን የፋብሪካ ሠራተኛ አልነበሩም

በአባታችን አርባ ቀን በተነበበው የሕይወት ታሪክ ላይ «ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርተዋል» ተብሏል። ስህተት ነው። አባታችን ፋብሪካ ገብተው አያውቁም። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ፣ ዕድሜ ልካቸውን የበግ ጠጉር የሸመኑ ባለሙያ ናቸው። ሥራቸው ባና፣ ከበግ ጠጉር የሚሸመነው ወፍራም የብርድ ልብስ ነበር። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ ለዚያ ደጋ ብርድ ግን የሚያህለው የለም።

ይበልጥ ያሳዘነን የእናታችን ድርሻ መዘለሉ ነው። በመንዝ ወግ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ጠጉሩን አጥባ፣ አዘጋጅታ፣ በእንዝርት የምትፈትለው እሷ ነበረች። አባባ ክሩን በጣታቸው እየዳሰሱ «ይሄ ሳስቷል» ሲሏት እንደገና ታከርረዋለች። ያለ እሷ እጅ አንድም ባና ከቤታችን አልወጣም።

«ለልጆቻቸው ሲሉ ሙያቸውን ተዉ» የተባለውም አልሆነም። ያስተማሩን በዚያው ሙያ ነው። በገበያ ቀን ተሸክመው ወጥተው የሸጡት ደብተርና ዩኒፎርም ሆኖልናል።

በሕይወት ታሪኩ ላይ ስለ እድር ተሳትፏቸው የተባለው ትክክል ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጨመር፤ ለቅሶ ቤት ለሚያድር እንግዳ ባና የሚያውሱት እሳቸው ነበሩ። ገንዘብ ላጠረው ጎረቤትም ሸምነው ይሰጡና ዋጋውን እህል ሲገባ ይቀበሉ ነበር።

በሙት ዓመታቸው የሚነበበው ጽሑፍ በዚህ መሠረት ይስተካከልልን።