ዝንብ ከሰማይ አይወርድም

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የዝንብ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? "አዎ፣ ትንሿን" እንዳትሉኝ። ክንፍ ያወጣች ዝንብ ከዚያ ወዲያ አታድግም። ትንሽ ሆና ከወጣች ትንሽ እንደሆነች ትሞታለች። ወይ ሌላ ዘር ናት፣ ወይ በትልነቷ ጊዜ ጠግባ አልበላችም። ልጇ ያለው ቆሻሻ ማጠራቀሚያችሁ ውስጥ ነው። ቀለብ የምትሰፍሩለትም እናንተው ናችሁ።

"እናንተ" ስል ራሴን ነፃ ላወጣ አይደለም። ባለፈው ሰሞን ቤቴን ዝንብ ወረረው። የሚነፋ መድኃኒት ገዝቼ ነፋሁ። ወለሉ ጠቆረ፣ ጠርጌ ጣልኩ፣ ደረቴን ነፋሁ። በማግስቱ ሌሎች መጡ። ደገምኩ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴን ማማት ጀመርኩ፤ "ከእነሱ ግቢ ነው የሚመጣው" አልኩ። (ይቺን ሁላችንም እንችልበታለን።)

አንድ ጠዋት የቆሻሻ በርሜሉን ገፋ ሳደርገው ከሥሩ፣ ደረቁ አፈር ላይ፣ ቡናማ ፍሬዎች ተበትነው አየሁ። የስንዴ ቅንጣት ያክላሉ፤ ጫፍና ጫፋቸው ድቡልቡል ነው። መጀመሪያ የአይጥ ኩስ መስለውኝ ነበር። ሦስቱን ለቅሜ ብርጭቆ ውስጥ ጨመርኩና አፉን በስስ ጨርቅ አሰርኩት። ከሁለት ቀን በኋላ የአንዷ ጫፍ እንደ ክዳን ተፈነከተ። ከውስጥ የወጣው መጀመሪያ ጭንቅላት ሳይሆን ግንባሯ ላይ ያለ ከረጢት ነው። እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፣ ደግሞ ይነፋል። ክዳኑን የሚገፋላት እሱ ነው። ከዚያ ገርጣ ያለች፣ ክንፏ የተጨማደደ ዝንብ እየተንገታገተች ወጣች። መብረር አልቻለችም፤ የብርጭቆውን ግድግዳ ትሮጥበት ጀመር። ቆይቼ ስመለስ ክንፏ ተዘርግቶ፣ ቆዳዋ ጠቁሮ፣ የማውቃት ዝንብ ሆናለች። ያን ሁሉ መድኃኒት ስነፋ እነዚህ በርሜሉ ሥር ተሸሽገው ተራቸውን ሲጠብቁ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ሥራዋን ከሥሩ እዩት። እናቲቱ እርጥብ ቆሻሻ ላይ ወይም ፍግ ላይ ታርፍና በአንድ ጊዜ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ነጭ ነው፤ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። በዕድሜዋ እስከ 500 ልታደርስ ትችላለች። ሙቀት ካለ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ እግር የለው፣ የረባ ጭንቅላት የለው። ያለው አፉ ላይ መቧጠጫ ሜንጦ ነው። የሚተነፍሰው ደግሞ በዋናነት በኋላው በኩል ነው። ስለዚህ ፊቱን ምግቡ ውስጥ ቀብሮ ቀን ከሌት ይበላል፤ ለትንፋሽ ብሎ እንኳ ቀና አይልም። እንዲህ ያለ ሆዳም አላየሁም። በሞቃት ጊዜ በአራት በአምስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ቆዳውን ቀይሮ ሙሉ ትል ይሆናል።

ልብ በሉ፣ ነገሩ የሚያመልጠን እዚህ ላይ ነው። ትሉ ሲጠግብ እርጥቡን ይጠላል። ከቆሻሻው ወጥቶ ደረቅና ጨለማ ቦታ ፍለጋ ይሄዳል። በርሜል ሥር፣ አፈር ውስጥ፣ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። እዚያ የመጨረሻ ቆዳውን ሳይጥል ያደርቀዋል፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀላ ያለ፣ በኋላም ጥቁር ቡናማ ይሆናል። ፑፓ የሚሉት ይህን ነው። በውስጡ ትሉ ፈርሶ እንደገና ዝንብ ሆኖ ይሠራል። ከእንቁላል እስከ ክንፍ፣ ሙቀት ከሆነ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። ብርድ ከሆነ ሳምንታት ይፈጃል።

ታዲያ ቆሻሻችሁን በስንት ቀን ነው የምትደፉት? "ሲሞላ" የምትሉትን አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። በርሜሉ እስኪሞላ ትሉ ጠግቦ ወጥቷል። እናንተ ባዶ ቤቱን ነው የምትደፉት። በሙቀት ወቅት በሳምንት ሁለት ጊዜ የደፋ ሰው ግን ትሉን ከነቀለቡ ይሸኘዋል። በርሜሉን ማንሳት፣ ሥሩን መጥረግ፣ ታቹ ላይ የተጋገረውን ማጠብ እንዳይረሳ።

"ሺ ዝንብ ቢሰበሰብ ግንቦ አይከፍትም" እየተባለ ይተረታል። እውነት ነው፣ አይከፍትም። የምንከፍትላት እኛ ነን። እ.ኤ.አ. በ1668 ፍራንቼስኮ ሬዲ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ሥጋ በብርጭቆ ዕቃ አስቀምጦ ከፊሉን በስስ ጨርቅ ሸፈነ፣ ከፊሉን ክፍት ተወ። ትል ያፈላው ክፍቱ ነው። የተሸፈነው ሥጋ ትል አላወጣም፤ ዝንቦቹ ጨርቁ ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ቀሩ። ይኸው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለፈ፣ እኛ ዛሬም በርሜላችንን ገርበብ አድርገን እንተኛለን።

መጸዳጃን በተመለከተ አፍሬም ቢሆን እናገራለሁ። የልጆች ዓይን ላይ ዓይናር ፈልጋ የምታርፍ ሌላ ዝንብ አለች፤ ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን ከሚያዛምቱት አንዷ ናት። ከሁሉ የሚመቻት ሜዳ ላይ የተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ብዙም አይሆንላትም። "የሕፃን ነው፣ ምን ያደርጋል" ብላችሁ ከቤት ጀርባ የምትጥሉ ወላጆች፣ ለእናንተ ነው የምናገረው። ዝንቧ የሕፃን የአዋቂ አትልም።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ አልልም። ንፉ ካላችሁ ንፉ። ግን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዲዲቲ ሲመጣ ዝንብ አለቀላት ተብሎ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለመድኃኒቱ የማትበገር ዝንብ ተገኘች። የተዘጋ በርሜልን ግን እስካሁን አልለመደችውም።

የእኔ በርሜል ትናንት ተደፍቷል፤ ሥሩም ተጠርጓል። ቡናማዎቹን ፍሬዎች ለቅሜ አቃጥያቸዋለሁ። ጎረቤቴንም ይቅርታ ጠይቄ፣ የእሱን በርሜል አብረን አንስተን ሥሩን አየን። እዚያም ነበሩ።