ጣና ጋን አይደለም፣ ምጣድ ነው

ሰሞኑን እዚሁ ባሕር ዳር ስለ ጣና በተጠራ የምክክር መድረክ ላይ፣ ሐይቁ ላይ እየዞረች ጥልቀቱን የምትለካ አንዲት አነስተኛ ሰው አልባ ጀልባ እንድትገዛ ሐሳብ ቀርቦ በቅጡ እንኳ ሳይመከርበት ውድቅ ተደርጓል። እኔን ያናደደኝ ውድቅ መደረጉ ሳይሆን የተሰጠው ምክንያት ነው። መድረኩን የመሩት ኃላፊ ማይክሮፎኑን ሳብ አድርገው «ይህ ቴክኖሎጂ ውቅያኖስ ላላቸው አገሮች ነው፤ እኛ ያለን ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ 15 ሜትር ለማይዘል ውሃ ሮቦት መግዛት ቅንጦት ነው» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከተማዋ ራሷ «ባሕር ዳር» መባሏን የሚያስታውስ አንድ ሰው እንኳ ከመካከላችን አልተገኘም። እኔም እጄን ሳላነሣ ወጣሁ፤ ይህን የምጽፈውም በከፊል በራሴ አፍሬ ነው።

ለመሆኑ የአሜሪካና የካናዳው ኤሪ ሐይቅ ውቅያኖስ ነውን? ከአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ሁሉ ጥልቀት የሌለው እርሱ ነው። ነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ላይ የተንሰራፋው አልጌ ያመነጨው መርዝ የቶሌዶ ከተማን ቧንቧ በክሎ፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ለቀናት ውሃ እንዳይጠጣ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ተመራማሪዎች፣ ናሙናውን ራሱ ቀድቶ እዚያው ሆዱ ውስጥ መርዙን የሚመረምር ሰው አልባ ጠላቂ ሐይቁ ውስጥ አሰማርተዋል። «ሐይቅ ብቻ ነው» ብሎ የሳቀባቸው አልነበረም። እኛም ብንሆን «ባሕር የለንም» የምንለው ሲመቸን ነው፤ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የውቅያኖስ መርከብ መሐንዲሶችን ስናሠለጥን ማንም ይህን ሰበብ አላነሣም።

ክቡርነታቸው ጥልቀቱን በመጥቀሳቸው ግን አመሰግናለሁ፤ ክርክሩን ያበላሸባቸው እርሱ ነውና። እነዚህ መሣሪያዎች ውቅያኖስ ላይ የሚቸገሩት በጥልቀቱ ምክንያት ነው። የጂፒኤስ ምልክት ውሃ ዘልቆ ስለማይገባ ጠላቂው ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በድምፅ ሞገድና በስሌት ነው፤ ግፊቱም ይጨፈልቀዋል። ኔሬየስ የተባለው ዝነኛ ጠላቂ በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ላይ እንደወጣ ቀርቷል። ይህ ሁሉ ፈተና እያለ ግን በ2009 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ላይ የወደቀው የኤር ፍራንስ አውሮፕላን ስብርባሪ ሁለት ዓመት ገደማ ተፈልጎ በ3,900 ሜትር ጥልቀት ያገኙት ሰው አልባ ጠላቂዎች ናቸው። ዛሬም ወደ 4,000 የሚጠጉ አርጎ የሚባሉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች እስከ 2,000 ሜትር እየጠለቁ በየ10 ቀኑ ብቅ ብለው የውሃውን ሙቀትና ጨዋማነት ለሳተላይት ያቀብላሉ። ጣና ላይ ከዚህ ፈተና አንዱም የለም። የምንጠይቀው ጠላቂ እንኳ አይደለም፤ ላዩ ላይ የምትንሳፈፍ፣ ጂፒኤሷ ሳይቋረጥ የሚሠራ፣ ከሆዷ በታች ድምፅ ልካ ጥልቀት የምታነብ ጀልባ ናት።

ደግሞስ ጥልቀት የሌለው ውሃ መለካት አያስፈልገውም ያለው ማን ነው? ጣና ጋን አይደለም፣ ምጣድ ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እና ከ9 ሜትር አያልፍም። ጋን ላይ አንድ ጣት ቢጎድል ባለቤቱም ላያውቀው ይችላል፤ ከምጣድ ላይ አንድ ጣት ሲጎድል ግን ጠርዙ ዙሪያውን ይገለጣል። ዳርቻው ላይ ያሉት ፎገራና ደንቢያ ሜዳ ናቸውና ውሃው ጥቂት ዝቅ ባለ ቁጥር ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ የደጋውን አፈር እያግበሰበሱ የሚያራግፉት እዚሁ ምጣድ ላይ ነው። ውሃው ደግሞ በጫራ ጫራ ግድብ በኩል ወደ አባይ፣ ከመሬት በታች በተቆፈረው ዋሻ በኩል ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው የበለስ ጣቢያ ይወጣል። የሐይቁን ከፍታ በየቀኑ እናነባለን፤ ይሁንና ከፍታው ብቻውን ስንት ውሃ እንዳለን አይነግረንም። ወለሉ በደለል ከፍ እያለ ከሆነ፣ ያው ከፍታ ከዓመት ዓመት ያነሰ ውሃ ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ ውሃ ማከፋፈል፣ ጎተራው ውስጥ ስንት እንደቀረ ሳያዩ እህል እየሰፈሩ እንደ መስጠት ነው። እኔ እንደማምነው የጣና ችግር ግማሹ እዚህ ላይ ነው፤ የተቀረውን ሁሉ የምናወራው በግምት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎች ጋር ሆነን ጉማራ ከሐይቁ ከሚገባበት አካባቢ ጥልቀት ልንለካ ወጥተን ነበር። መሣሪያችን በየሜትሩ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትና ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ገመድ ነበር። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ተነሣ። ጀልባዋ ስትንሸራተት ገመዱ ቀጥ ብሎ መውረዱን ትቶ ወደ ኋላ ይሰየፋል፤ አንዱ ተማሪ «4 ሜትር» ሲል ሌላው «5 ተኩል» ይላል። በመካከሉ እምቦጭ የሞተሩን ፕሮፔለር ጠቅልሎ ያዘውና ባለ ጀልባው ሞተሩን ቀና አድርጎ በቢላዋ ሥሩን ይቆርጥ ጀመር። መዝገባችንን ቀና ብሎ አየና «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ የለካችሁት ጥልቀቱን አይደለም፣ ነፋሱን ነው» አለኝ። ትክክል ነበር። ያ መዝገብ ዛሬ ምንም አይጠቅምም፤ በዓመቱ ተመልሰን እነዚያኑ ነጥቦች ማግኘት አልቻልንምና።

ሰው አልባዋ ጀልባ የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ እንደ ገበሬ ትልም በትልም ትሄዳለች፣ በዓመቱም በዚያው ትልም ላይ ትመለሳለች። በየቀኑ የምናነበው የሐይቁ ከፍታ ታስቦ የዘንድሮው ንባብ ካምናው ሲቀነስ ልዩነቱ ደለሉ ነው። «እርሷንስ እምቦጭ አይዛትም ወይ?» ለሚለኝ፣ ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ ሳይሆን እንደ ማራገቢያ ከላይ የሚዞር ዓይነትም አለ።

«የእምቦጭ ማጨጃ ማሽኖቹም መጥተው ቆመው ቀርተዋል» የሚለውን ወቀሳ እቀበላለሁ፤ እውነት ነው። ነገር ግን መለዋወጫ ያላዘዘ፣ መካኒክ ያላሠለጠነ አሠራር በማሽን ሊሳበብ አይገባም። አረሙ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ስብሰባ እንደተቀመጥን የሚያውቅ ይቁጠረው፤ የአበሉና የአዳራሹ ወጪ ቢደመር ጀልባዋን ከነመለዋወጫዋ ይገዛ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። «ወጣቱን ሥራ ያሳጣል» ለተባለው ደግሞ ምን ልበል፤ ገመድ የመወርወር ሥራ ያለው ወጣት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ኃላፊው አሁንም ቅንጦት ነው ካሉ፣ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ይውጡ። ነፋሱ ሳይነሣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደቡ ላይ እንገናኝ። ያው ባለ ጀልባ አሁንም እዚያው ይሠራል፤ ገመዱን እኔ ይዤ እመጣለሁ።