መዝገቡ ይምጣልኝ ያለችው መበለት

የጥንታዊት ግብፅ ጸሐፊዎች ዓይን የሚያመልጠው ነገር ጥቂት ነበር። በአቡሲር ቤተ መቅደስ ዕቃ ሲቆጠር የትኛው እንደ ተሰነጠቀ፣ የትኛው እንደ ተጠገነ ይጻፋል። በዴር ኤል መዲና የነገሥታቱን መቃብር የሚያንጹት ሠራተኞች ከሥራ የቀሩበት ቀን ከነምክንያቱ በድንጋይ ስባሪ ላይ ይሰፍራል፤ አንዱን ጊንጥ ነድፎታል፣ ሌላው ቢራ ሲጠምቅ ውሏል።

ስለዚህ ትጋት ብዙ ተወድሷል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን መዝገብ ቤትን የምመዝነው አቅመ ደካማ ሰው «የተጻፈው ሐሰት ነው» ብሎ ሲቆም በሚገጥመው ነገር ነው። በሳቃራ፣ መስ በተባለ የግምጃ ቤት ጸሐፊ መቃብር ግድግዳ ላይ የተቀረጸው የርስት ሙግት ይህንን በግልጽ ያሳያል።

መሬቱን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 አካባቢ የነገሠው አሕሞስ ነበር ነሺ ለተባለ አገልጋዩ የሰጠው። ዘሮቹ በርስቱ ትውልድ በትውልድ ሲካሰሱ ኖረዋል። በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የመስ አባት ሁይ ሲሞት፣ ካይ የተባለ ሰው መበለቲቱን ኑብኖፍሬትን እንዳታርስ ከለከላት። እርሷም ከሰሰች። የግምጃ ቤቱና የጎተራው መዝገብ ይምጣልኝ ብላ የጠየቀችው ራሷ ነበረች፤ የነሺ ዘር መሆኗን ታውቃለችና በመዝገቡ ተማምናለች።

መዝገቡ ያለው በመዲናዋ በፒ-ራምሴስ ነው። ካይ ከፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ጋር ወደዚያው ሄደ። መዝገቡ ሲገለጥ ስሟ የለም። መሬቱ ለካይ ተፈረደ። እንደ መስ አቤቱታ ከሆነ ካይ ከመልእክተኛው ጋር ተመሳጥሮ ሐሰተኛ መዝገብ አሠርቷል።

እዚህ ላይ ያለው ጥፋት የጽሕፈት ጉድለት አይደለም። የመንግሥት መዝገብ በሩቅ ከተማ ተቀምጦ፣ አንደኛው ባለጉዳይ ሲደርስበት ሌላዋ ደጅ ከቀረች፣ ከዳኛው ፊት የሚቀርበው ብራና ሳይሆን ጉልበት ነው።

መስ አድጎ ሙግቱን ሲያድስ ወደ አካባቢው ሰዎች ዞረ። ንብ አናቢው ሆሪ ሳይቀር ቆሞ መሰከረ፤ ብዋሽ አፍንጫዬና ጆሮዬ ይቆረጥ፣ ወደ ኩሽም ልጋዝ ብሎ ማለ። ሁይ የነሺ ዘር እንደ ሆነና መሬቱን በየዓመቱ ሲያርስ እንደ ኖረ ምስክሮቹ ተናገሩ። ፍርድ ቤቱ ሰነዱን ይዞ የሰው ቃል አያስፈልገኝም አላለም። ከግብፅ የመዝገብ አያያዝ ሁሉ እኔ የማከብረው ይህንን ነው።

የጽሑፉ መጨረሻ ስለ ጠፋ የፍርዱ ቃል አልደረሰንም። ሆኖም መስ የሙግቱን ሂደት በመቃብሩ ግድግዳ ላይ ማስቀረጹ ርስቱን እንዳስመለሰ የሚያሳምን ነው። ይህን ሙግት ለሚያስተምሩ ሁሉ የምለው አለኝ፤ የመስን ድል ሲተርኩ ከእርሱ አስቀድማ መዝገቡ ይምጣልኝ ያለችውን የእናቱን የኑብኖፍሬትን ስም አይዝለሉት።