ምስጋና ለተጠቀለለው ምላስ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የሰባተኛ ክፍል የጄኔቲክስ የቤት ሥራውን ይዞ ከተፍ አለ። «ጋሼ፣ እስቲ ምላስዎን አውጥተው ይጠቅልሉ!» አለኝ። ሞከርኩ። ምላሴ ዝርግት ብሎ እምቢ አለ። የልጁ ፊት ጠቆረ። ለካ እሱ አሳምሮ ይጠቀልላል፤ እናቱና አባቱ ግን አይችሉም። ወረቀቱ ደግሞ ምላስ መጠቅለል ዶሚናንት (ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ጎልቶ የሚታይ ባሕርይ) ነው፣ ልጁ ከቻለ ከወላጆቹ አንዱ የግድ ይችላል ይላል። ስለዚህ ልጁ ዘሩን ፍለጋ ወጥቷል።

ይህን ወረቀት ታውቁታላችሁ። ምላስ፣ የጆሮ ጫፍ፣ የጉንጭ ስርጉድ፣ የዓይን ቀለም። በአንድ በኩል «ዶሚናንት»፣ በሌላ በኩል «ሪሴሲቭ»፣ ማለትም ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ የማይታይ። ከፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ እየተነሣ ፊደሉ ሊጠፋ ደርሷል። ዛሬ ላመሰግነው ተነሥቻለሁ።

ከሁሉ በፊት ለጽናቱ እጅ ልንሣ። አልፍሬድ ስተርተቫንት የተባለው የዘረመል ሊቅ ምላስ መጠቅለል በዘር የሚወረስ ነው ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። በ1952 ሌላ ተመራማሪ 33 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን ምላስ አስወጣ። በ7ቱ ጥንዶች አንዱ ሲጠቀልል ሌላው አቃተው። ዘራቸው አንድ፣ ምላሳቸው ለየብቻ! ስተርተቫንትም ሐሳቡን ቀየረ። በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ነገሩ እስካሁን እንደ ተረጋገጠ የሜንዴል (በአተር የውርስን ሕግ ያገኘው መነኩሴ) ምሳሌ ሲጠቀስ ማየት አሳፋሪ ነው አለ። ባለቤቱ ካፈረበት እንግዲህ 60 ዓመት አለፈው። ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ አላፈረም።

እንዲያውም ለምን በክፍል ውስጥ ብቻ ይወሰናል? የዲኤንኤ ምርመራ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ምላስ ግን ሁሉም ሰው አለው። የውርስ ተከራካሪዎች ፍርድ ቤት ይቅረቡ። ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው «ከሳሽ፣ ምላስ!» ይበሉ። ከሳሽ ይጠቅልል። «ተከሳሽ፣ ምላስ!» ተከሳሽ ዝርግት። መዝገቡ ተዘጋ፣ ቤቱ ለከሳሽ። ይግባኝ ባይ መስታወት ፊት ቆሞ ይለማመድ። ልምምድ ያልኩት ለቀልድ አይደለም፤ ተለማምደው የሚችሉ ልጆች አሉ። ሰኞ ያቃተው ልጅ ዓርብ ከጠቀለለ በመሃል አባት ቀይሯል ማለት ነው። ለዚህ ነው የምላስ መዝገብ ቤት የሚያስፈልገን። መታወቂያ ላይ የፊት ፎቶ ይቅርና የምላስ ይለጠፍ። ሙሽሮች ቀለበት ከማሰራቸው በፊት ምላስ ያሳዩ። ሁለት ዝርግ ምላሶች ከተገናኙ «ጠቅላይ ልጅ ቢወለድ ኃላፊነቱን እንወስዳለን» ብለው ይፈርሙ። ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ሲነቅል የኖረው ሐኪምም በማዕረግ አድጎ የዘር ሐረግ መርማሪ ይሁን። ትኩስ ነገር ጠጥቶ ምላሱ የተቃጠለበት ሰው እስኪድን ድረስ ዘር አልባ ሆኖ ይቆያል። ምን ይደረግ፣ ሳይንስ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁመው። የ12 ዓመት ልጅ እንቅልፍ አጥቶ ስለ አባቱ እንዲያሰላስል የሚያደርግ ወረቀት የትምህርት መርጃ አይደለም። ውሸት ነው። ያውም ውሸትነቱ ከታወቀ የሰነበተ። ክፍሉ ውስጥ በማደጎ የሚያድግ ልጅ አለ። አባቱን አይቶ የማያውቅ አለ። አያቱ ያሳደገችው አለ። እነዚህን ልጆች «የአባትህን ጆሮ ሥለህ ነገ አምጣ» የሚል ሰው ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለው? ልጁ ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ሲመጣስ በምን ሒሳብ ነው ነጥብ የሚቀነስበት? ውርስን ለማስተማር የልጅ ገመና መግለጥ የግድ አይደለም። አተር አለ! አተር አይሸማቀቅም። ጓደኞቹም አይስቁበትም።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

መነኩሴው ሜንዴል ነገር ማርዘም ይወድ ነበር። በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ብርኖ ከተማ ባለው ገዳሙ ከ1856 እስከ 1863 ድረስ ወደ 28,000 የሚጠጋ የአተር ተክል መረመረ። በአንዱ ሙከራ 7,324 ፍሬ ለቅሞ ቆጠረ። 5,474ቱ ድቡልቡል፣ 1,850ው የተጨማደደ። 2.96 ለ 1 መሆኑ ነው። የእኛ ጀግኖች መምህራን ይህን ሁሉ ድካም አስቀሩት። የእናትና የአባት ጂን የሚጣመርበት አራት ሳጥን፣ ሦስት ለአንድ፣ በቃ፣ ቀጥል! ልጆቹም አራት ሲወለዱ ሦስቱ የግድ እንዲህ፣ አንዱ የግድ እንዲያ ነው ብለው ይወጣሉ። ሳጥኗ የምትናገረው ስለ እያንዳንዱ ልደት ዕድል ነው፤ ተራ አታስጠብቅም። ይህን የሳተ ልጅ አድጎ ይወልዳል። እሱም ሚስቱም ድብቅ የሕመም ጂን ተሸካሚ ሆነው የመጀመሪያው ልጅ ሲታመም «እኛ ድርሻችንን ወስደናል፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ደህና ናቸው» ይላል። የሁለተኛው ልጅ ዕድል ግን ያው ከአራት አንድ ነው። ቢሆንም ምን ችግር አለ፤ ሰውየው ሳጥን መሙላት ይችላል።

«ረጅም ዶሚናንት፣ አጭር ሪሴሲቭ» ብሎ የሚገላገልም አለ። ስለ አተር ከሆነ ልክ ነው። በሰው ላይ ግን በ2022 የወጣ ጥናት ከቁመት ጋር የተያያዙ ከ12,000 በላይ የዲኤንኤ ልዩነቶችን ለይቷል። ምግብና ጤና ገና አልተጨመሩም። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ አይገባም፤ ጥፋቱ የተፈጥሮ ነው። ለፎቶ ኮፒ እንድትመች ሆና መፈጠር ነበረባት።

ከዚህ ትምህርት ያለፉ አባቶችንም ሳላመሰግን አልቀርም። ልጁ መቶ ሲያመጣ «በእኔ ወጥቶ ነው»፣ ሲወድቅ «በእናቱ»። ሴት ልጅ ስትደጋገም ሚስቱን የሚያኮርፈውም ከነሱ አንዱ ነው። ወንድነትን የሚወስነው ዋይ ክሮሞሶም የሚመጣው ከራሱ ከአኩራፊው መሆኑን ወረቀቱ አልነገረውማ።

አንዳንድ ነገረኛ መምህራን ደግሞ አሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ሳንቲም ያድላሉ። አንዱ ሳንቲም እናት፣ አንዱ አባት። አንዱ ገጽ የድቡልቡል ጂን፣ ሌላው የጭምዳዳ፤ አንድ ድቡልቡል እንኳ ከወጣ ፍሬው ድቡልቡል ነው። «አራት ጊዜ ወርውሩ» ይላሉ። አንዱ ልጅ ሦስት ለአንድ ይደርሰዋል፣ ሌላዋ ሁለት ለሁለት፣ ሌላው አራት ለዜሮ። ከዚያ የክፍሉን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ሲደምሩት ወደ ሦስት ለአንድ ይጠጋል። እንዴት ያለ የጊዜ ብክነት ነው! ሳንቲሙ ይንቃጨላል፣ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ልጆቹ «ቲቸር፣ ለእኔ ለምን አራት ለዜሮ መጣ?» ማለት ይጀምራሉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ምላስ ማስወጣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።